የአበልጅ መሐላና አሮጌው ዲቴክተር

ፀጋዘአብ ዲቴክተሩን ይዞ ወደ ሀፍሳ ካፌ ሲገባ በር አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እግሩን ይሰበስባል። ዕቃው እንዳይነካው ሳይሆን እንዳያጋልጠው ነው። አንድ ቀን ማጥፋቱን ረስቶ ገብቶ፣ ብረት ፈላጊው አንድ ሽማግሌ ጉልበት አጠገብ ሲደርስ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ሽማግሌው፣ ጉልበታቸው ውስጥ ዶክተር ብረት መግጠሙን ለዕድራቸው እንኳን ሳይነግሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቶሮንቶው ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ምስጢር ያለው ሰው ሁሉ ፀጋዘአብን ይሸሸዋል። ሁሉም ሰው ይሸሸዋል ማለት ነው።

ካፌው ለዲቴክተሩ «ሃምሳ አለቃ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስንት ዘመን በፀሐይና በበረዶ አገልግሎ አንድ ቀን እንኳን ማዕረግ ስላልተጨመረለት ነው። እጀታው በጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ የባትሪው ክዳን በሚስቱ በተናኜ የፀጉር ላስቲክ ታስሯል፤ ከሁለቱ ማዳመጫዎች ቀኙ ከሞተ ቆይቷል። ፀጋዘአብ በግራ ጆሮው ብቻ ሲያዳምጥ ከመኖሩ የተነሳ አንገቱ ወደ ግራ ዘምሟል። ቅዳሴ ላይ ሲቆም ቄሱን ትቶ ግድግዳውን የሚሰማ ይመስላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ሀብት ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ሃምሳ አለቃ የተገዛው ለአንድ ቀለበት ነው።

ፀጋዘአብ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ክሬሰንት ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች የአንዱ ሱፐር ነበር። ቧንቧ ሲዘጋ፣ ሊፍት ሲቆም፣ በረሮ ሲበዛ የሚጠራው እሱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ ሥር ያወጣው የሴት ቀለበት ቢደረደር ከሕንፃው በር እስከ ሰብዌይ ጣቢያው ይደርሳል፤ ይህን የሚለው ራሱ ስለሆነ ግማሹን መንገድ እንመን። እያለቀሰች የጠራችው ሴት ሁሉ እየሳቀች ሸኝታዋለች። የገዛ ሚስቱ ቀለበት ግን ቧንቧ አልመረጠም። ሐይቅ ዳር አሸዋ ውስጥ ገባ።

ዕድሩ በየሰመሩ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ውድባይን ቢች ላይ ፒክኒክ ያደርጋል። ከዓመታት በፊት በአንዱ ፒክኒክ ተናኜ ሥጋውን በቅመም ልታሽ ቀለበቷን አውልቃ፣ በናፕኪን ጠቅልላ ምንጣፉ ጥግ ላይ አስቀመጠች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ዕቃ ተሰበሰበ። ምንጣፉን አንስቶ ያራገፈው አምሃ ነው። አምሃ ምንጣፍ ሲያራግፍ ባንዲራ የሚያውለበልብ ነው የሚመስለው። ናፕኪኑ ሜዳ ላይ ተገኘ። ቀለበቱ የለም።

ቀለበቱ የተሠራው ካርቱም ላይ፣ ሁለቱም ስደተኛ ሳሉ፣ ተናኜ ከእናቷ ከቀራት አንድ ጉትቻ ነው። ወርቁ አልበቃ ብሎ አንጥረኛው አንዱን ጎን አወፍሮ ሌላውን አሳስቶታል፤ አንድ ወገኑ አይጥ የቀመሰው ይመስላል። በዚያ ሠርግ ላይ ሚዜው አምሃ ነበር። እንግዲህ አምሃ ማለት ለፀጋዘአብ እንዲህ ያለ ሰው ነው፦ በሠርጉ ሚዜ፣ በስደት የአንድ ፍራሽ ተካፋይ፣ ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ደግሞ የአምሃን ሴት ልጅ ራኬብን ተናኜ ክርስትና አንስታ አበልጁ። ከወንድም ጋር ቢጣሉ ደም ያስታርቃል ይባላል፤ ከአበልጅ ጋር ቢጣሉ ግን መልአኩ ራሱ ሊዳኝ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

አምሃ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቷል፤ አንድ ልማድም አለው። የሚዘጋውን ነገር ሁሉ መስቀል ይሠራበታል። የፍሪጅ በር ሲዘጋ፣ የቆሻሻ ከረጢት ሲቋጥር፣ አውራ ጣቱ ቀድማ ታማትባለች። ከኤርፖርት የጫነው ፈረንጅ ሻንጣው ላይ የታክሲው የኋላ ክዳን ተዘግቶ ሲማተብበት አይቶ፣ «ይሄ ሰውዬ በነጂነቱ አይተማመንም» ብሎ ሌላ ታክሲ ውስጥ ገብቷል። አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓዱን ሲደፍንም እንደዚያው ነው፤ በመቆፈሪያዋ ጫፍ ትንሽ መስቀል ሠርቶበት ነው የሚነሳው።

«አምሃ፣ የቀበርከው ሰው ነው እንዴ?» ይለዋል ፀጋዘአብ።

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣» ይላል አምሃ።

ቀለበቱ በጠፋ በሳምንቱ ሁለቱ ያገለገሉ መንታ ዲቴክተሮች ገዝተው ቢቹ ላይ ወረዱ። ምንጣፉን ያራገፈ እጅ ሳይፈልግ አያድርም ብሎ አምሃ ነው የቀደመው። መሐላውንም ያመጣው እሱ ነው። አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ሳለ ማተቡን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ጨበጠ።

«አበልጄ፣ ወርቅ ሰው ያጣላል። ነገ አንዳችን የተሻለ ዕቃ ገዝተን ሌላውን ብንቀድመው መቀያየም ይመጣል። አንተ ሳትለውጥ እኔ አልለውጥ፣ እኔ ሳልለውጥ አንተ አትለውጥ። ማል።»

ፀጋዘአብ ማተቡን ይዞ ማለ። ተናኜ ይህን የሰማች ዕለት፣ «ቀለበቱ የኔ፣ መሐላው የናንተ! ለመሆኑ የተጋባኸው ከማን ጋር ነው አንተ ሰውዬ?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሙሉ አንድ ቀን ይመስላል። ረፋድ ላይ ይገናኛሉ፤ እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ሆነው አሸዋውን ያርሳሉ፤ ከቀትር በኋላ ሀፍሳ ካፌ ገብተው ያገኙትን ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋሉ። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የጆሮ ጌጥ፣ አንዴ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ፤ ሀፍሳ እሱን ስታይ ጠረጴዛውን ሦስቴ አጠበችው። የተናኜን ቀለበት ግን የበላው አሸዋ አልተፋውም።

ዘንድሮ ግን ሁሉም ነገር ባሰ። ሰመሩን ሙሉ ሃምሳ አለቃ ቆርኪ ብቻ ነው ያገኘው። የቢራ ቆርኪ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የማይታወቅ አገር ቆርኪ። አምሃ በየቀኑ፣ «ቢቹ ደርቋል፣ ፀጋ፤ ሰው ወርቅ ማድረግ ትቷል» ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የራሱን አዲስ ዲቴክተር አስሞከረው። ፀጋዘአብ በሁለቱም ጆሮው ሲሰማ ራሱን ሊያዞረው ደረሰ። ዕቃው ያጉረመርማል፣ ይዘምራል፣ በስክሪን ይጽፋል፤ ክንድ ሙሉ ወርዶ አሸዋ ውስጥ ያለውን ይነግራል። ሃምሳ አለቃ ከመዳፍ በታች ያለውን አይሰማም። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዕበልና በረዶ ቢቹን ይገለብጡታል፤ ቀለበቱም በየዓመቱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ፀጋዘአብ ያኔ ነገሩ ገባው። እሱ ላይ ላዩን ሲጠርግ፣ የሚፈልገው ነገር ከሥሩ እየራቀ ነው። አዲሱን ዕቃ ካልገዛ ተናኜ ያንን ቀለበት በዚህ ዓለም አታየውም።

መሐላው አለ። ስለዚህ ካፌ ውስጥ አምሃን ያዘው።

«አበልጄ፣ ሃምሳ አለቃ ጡረታ ይገባዋል።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«አልሰማ አለ። አንድ ሰው የቢራ ፋብሪካ ቢከፍት ቆርኪ የምናቀርበው እኛ ነን። አንድ ፈረንጅ አዲሱን አስሞክሮኝ፣ አበልጄ፣ ክንድ ሙሉ ነው የሚወርደው!»

አምሃ ማኪያቶውን አስቀመጠ። «እሱን ዕቃ የያዘ ሰው ጸጉሩ እንደሚረግፍ አልሰማህም?»

«እኔ ምን ጸጉር አለኝ?»

«ቅንድብህስ?»

ፀጋዘአብ ሳያስበው ቅንድቡን ነካ።

«ደግሞ ወሬኛ ነው፣» ቀጠለ አምሃ። «ይሄ ወርቅ ነው፣ ይሄ ብረት ነው፣ ይሄን ያህል ይወርዳል እያለ ሲለፈልፍ ይውላል። የጎኑ ቁልፍ ደግሞ ለአውራ ጣት አይመችም። ሲዘንብ ስክሪኑ ጭጋግ ይለብሳል። ምን በወጣህ?»

አምሃ አይቶት ለማያውቀው ዕቃ ብዙ ነገር ያውቅ ነበር። ፀጋዘአብ ግን፣ አበልጄ ኢንተርኔት ላይ ሲያነብልኝ አድሮ ነው ብሎ በልቡ አመሰገነው።

«እሺ አብረን እንለውጥ። መሐላው እሱን አይከለክልም።»

«አብረን? አሁን?» አምሃ ማተቡን ከሸሚዙ ሥር አወጣ። «ይቺን ይዘን የማልነውን፣ ለአንድ ፕላስቲክ? እኔ በአሮጌው እሞታለሁ። አንተ መለወጥ ከፈለግክ የሚያስርህ የለም፤ ፈጣሪ ያያል።»

ይህ «ፈጣሪ ያያል» የሚሉት ቃል ከሰንሰለት ይጠነክራል። ፀጋዘአብ ለሳምንታት አዲሱን ዕቃ በሱቅ መስታወት ሲያየው፣ መልሶ ሲያልፈው፣ ተመልሶ ሲያየው ከረመ። በመጨረሻ መሐላ ማስፈታት ነው ብሎ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የማልከው?» አሉት አባ።

«ዲቴክተር አልለውጥም ብዬ፣ አባ።»

አባ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። በክህነት ዘመናቸው የእህል መሐላ፣ የመሬት መሐላ፣ የሴት መሐላ ፈትተዋል። «ዲቴክተር ያልከው… ሰው ነው?» አሉ።

ሲያስረዳቸው ቆየ። ሲገባቸው ፂማቸውን እየጎተቱ፣ «መሐላው ከአበልጅህ ጋር ነውና መጀመሪያ እሱ ይልቀቅህ። እሱ ለቀቅኩህ ካለ የኔ ቀላል ነው» ብለው ሸኙት።

እንደገና አምሃ ዘንድ። አምሃ ግን፣ «አልለቅህም! ማተብ ጨዋታ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ በጎኑ ያለፈች አስተናጋጅ ሳህን ጣለች። ፀጋዘአብም አፈረ። እንዲህ ያለ ባለማተብ ወዳጅ ይዤ እንዲህ ያለ ነገር አሰብኩ ብሎ ራሱን ወቀሰ። አዲሱን ዕቃ ከልቡ አወጣው። ቤቱ ገብቶ የሃምሳ አለቃን ፕላስተር በአዲስ ፕላስተር ለወጠለት። የማዕረግ ዕድገት ሳይሆን የደንብ ልብስ ቅያሪ መሆኑ ነው።

በጥቅምት አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወደ ቢቹ ወረደ። ሐይቁ ዝም ብሏል። አሸዋው በጤዛ ረጥቧል። ከእግረኛው መንገድ ጀምሮ እስከ ውሃው ድረስ ትንንሽ መስቀሎች ተሠርተውበታል።

መጀመሪያ ሌሊቱን መነኮሳት ያለፉ መስሎት ራሱም ሊያማትብ እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረች። ጎንበስ ብሎ አንዱን መስቀል አየው። የመቆፈሪያ ጫፍ ነው የሠራው። በዙሪያው የፈሰሰው አሸዋ የላዩ ነጭ አሸዋ አይደለም፤ ክንድ ወርዶ የወጣ፣ ጥቁር፣ ውሃ ያዘለ አሸዋ ነው። ያን ያህል የሚያስቆፍር ዲቴክተር አምሃ የለውም። አምሃ በአሮጌው ይሞታል።

ፀጋዘአብ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ያ የማሉበት ግንድ ነው። ሰመሩን ሙሉ ቆርኪ ብቻ ያገኘበት ምክንያት ፊቱ ተዘርግቷል፤ ወርቁን የሚወስድ ሰው ከሱ በፊት ጎህ ሳይቀድ አልፎ፣ ቆርኪውን ለሱ ትቶለታል። ደግሞ ያንኑ ረፋድ ተመልሶ፣ አሮጌውን ዲቴክተር ተሸክሞ፣ ጎኑ ሆኖ፣ «ቢቹ ደርቋል» ይላል። ሰው ጓደኛውን ሊሸውድ ይችላል። እንዲህ ቀደም ብሎ ተነስቶ፣ በብርድ፣ በዚህ ዕድሜ መሸወድ ግን ጉልበትም ይፈልጋል! ፀጋዘአብ በአምሃ ወገብ ሊደነቅ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ ግን አንዲት ጉድጓድ ሳይቆፍር ተነስቶ ሄደ።

ምናልባት ዛሬ ይነግረኛል ብሎ ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ካፌ ሲገናኙ አምሃ ዓይኑ እየበራ ነበር።

«ፀጋ፣ ሌሊት ሕልም አየሁ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከመጨረሻው የቮሊቦል ምሰሶ ሥር ቆመው፣ ‹ፀጋዘአብን እዚህ ይፈልግ በለው› አሉኝ።»

«ለምን ለኔ ራሴ አልነገሩኝም?»

«አንተ እንቅልፍህ ቀላል ነው፤ ሕልም አይገባውም። ነገ በጠዋት ሂድ። ብቻህን ሂድ። እኔ ጉልበቴን አሞኛል።»

«አንተስ ሌላ የምትነግረኝ የለህም?»

«ሌላ ምን አለ?» አለ አምሃ።

በማግስቱ ፀጋዘአብ ሄደ። ከመጨረሻው የቮሊቦል ምሰሶ ሥር አንድ መስቀል ነበረች፤ ብቻዋን፣ ጥርት ያለች። ሃምሳ አለቃን ወደሷ አቀረበው። ዕቃው በዕድሜው ጮኾ በማያውቀው ድምፅ ጮኸ። ፀጋዘአብ በጣቱ ጫረ። ከአንጓ እንኳን አልራቀም። አንድ ወገኑን አይጥ የቀመሰው የሚመስል ቀለበት መዳፉ ላይ ወጣ።

ይህችን ጠዋት ስንት ጊዜ በሐሳቡ ኖሯታል። ሲያገኘው ምን እንደሚል፣ አምሃ እንዴት እንደሚዘል፣ እንዴት ተቃቅፈው አሸዋው ላይ እንደሚወድቁ ያውቀው ነበር። አሁን ግን ቀለበቱን እንደያዘ የሚያየው መስቀሏን ነው፤ ግማሿ በጣቱ ፈርሶ፣ ግማሿ ቀርታ።

ካፌው በር ላይ ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ሀፍሳ እልል አለች። ቤቱ በሙሉ ተነሳ፣ አጨበጨበ። መሐል ጠረጴዛ ላይ ኬክ አለ። ኬኩ ላይ በክሬም «እንኳን ደስ አለህ ጋሽ ፀጋ» ተብሎ ተጽፏል። አምሃ ኮት ለብሶ፣ ከራቫት አስሮ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ፀጋዘአብ ገና ምንም አልተናገረም ነበር።

«ሀፍሳ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ኬክ መቼ ታዘዘ?»

«ትናንት ነው፣ ጋሽ ፀጋ፤ ጋሽ አምሃ ‹ነገ ያገኘዋል› ብሎ…» አለችና የራሷ አፍ እንደከዳት ገብቷት ቢላዋውን ኬኩ ላይ ተወችው።

እልልታው እንደ ተነቀለ ሬዲዮ ቆመ። ፀጋዘአብ ቀለበቱን ኬኩ አጠገብ አስቀመጠ።

«መቼ አገኘኸው?»

«ማን? እኔ? እኔ ሕልም ነው እንጂ…»

«አምሃ። መስቀልህ አሸዋው ላይ ነበር።»

አምሃ ቀኝ እጁን አየው። ደብተር ሲገለብጥ የተያዘ ተማሪ እንደሚያይ አየው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ደበቀው። «እጄ ነው…» አለ። አልጨረሰውም።

«መቼ?»

«ፍልሰታ ሲገባ።»

ፍልሰታ ተጹሞ ተፈትቷል። ዘመን ተለውጧል። ደመራ በርቶ አመዱም ጠፍቷል። ያንን ሁሉ ጊዜ አምሃ ቀለበቱን ኪሱ ይዞ፣ ፀጋዘአብ ጎን ሆኖ ቆርኪ ሲለቅም ነበር።

«ልሰጥህ ነበር፣ ፀጋ። ስሰጥህ ‹በምን አገኘኸው?› ትለኛለህ። ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ‹ማተብ ጨዋታ ነው እንዴ› ብለህ የጮህክብኝስ?»

«ራኬብ ናት። ለፋዘርስ ዴይ፣ ለአባቶች ቀን፣ አዲሱን ዕቃ ሰጠችኝ። የልጅ ስጦታ ይመለሳል? ደግሞ እኔ መች ለወጥኩ? አሮጌው አሁንም አለኝ። ጨመርኩ እንጂ አልለወጥኩም!»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን በማኪያቶ ዋጠው። ፀጋዘአብ ወደዚያ ዞረ። ያየው ሰው ሁሉ ስኒውን ያያል።

«እናንተም ታውቁ ነበር?»

መልስ የሰጡት ባለጉልበቱ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸው ከዚህ በኋላ የሚደብቁት የላቸውም። «ይዞት መጥቶ አሳይቶናል፣ ልጄ፤ በሰኔ። ያንተ ጉልበቴ ላይ ጮኸ ብቻ ነው። የሱ የትኛው ጉልበት እንደሆነ፣ ብረቱ ምን ያህል እንደሚወርድ በስክሪን ጽፎ ነው የተናገረ።»

ፀጋዘአብ ቀለበቱን አንስቶ ወጣ። ኬኩን የበላው የለም ይላል ሀፍሳን የጠየቀ። እኔ ግን ካፌውን አውቀዋለሁና፣ ተበልቷል።

ቤት ሲገባ ተናኜ ዕቃ እያጠበች ነበር። ቀለበቱን በሳሙና አረፋው መሐል መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ቀለበቱን በሽርጧ ጠረገችው። ከዚያ ጣቷ ላይ ልታጠልቀው ሞከረች፤ አንጓዋ ላይ ሲደርስ አላልፍ አለ። ጣቷ ወፍሯል። ትንሿ ጣቷ ላይ አደረገችው፤ እሷ ላይ ደግሞ ሰፋ። እየሳቀች አለቀሰች። እየሳቀች፣ «ከየት አገኘኸው?» ስትለው ሁሉንም ነገራት።

ሳቋን አቆመች። «ፍልሰታ?» አለች። «ፍልሰታውን ሙሉ እዚህ እየመጣ ሽሮዬን ሲበላ? ቀለበቴ ኪሱ ሆኖ ‹ጨው ጨምሪ› ሲለኝ?»

«እንግዲህ ፈርቶ ነው፣» አለ ፀጋዘአብ። አዎ፤ ራሱም ሲሰማው ገረመው። ካፌ ውስጥ ቆሞ ሲጠይቅ ዓቃቤ ሕግ ነበር፤ ከካፌው እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ደግሞ ለአምሃ ጠበቃ ሆኖ ሲከራከርለት ነው የመጣው። የልጅ ስጦታ ነው፤ አይመለስም። ቀለበቱንም አልሸጠውም፤ ቀብሮ አስገኘው። ሕልሙም ቢሆን ለኔ ደስታ ያሰበው ነው። ሌላ ሳምንት ቢሰጠው ጠበቃው ይረታ ነበር።

የመጣችው ግን ራኬብ ናት። ቅዳሜ ዕለት፣ ከዳውንታውን፣ ትልቅ ካርቶን አቅፋ። እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋን በሩጫ የምትናገር፣ ፀጋዘአብ በክርስትናዋ ቀን በክንዱ የያዛት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ አባዬ ቬሪ ሶሪ ነው። ይሄን ላንተ ስጪው አለኝ። ዲቴክተሩን። ፕሊስ ውሰደው።»

ካርቶኑ ተዘግቷል። ክዳኑ ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ በአውራ ጣት የተሠራች መስቀል አለች።

«አንቺ ለአባትሽ የሰጠሽው ነው፣ ልጄ። የሱን ስጦታ እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

«ኖ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ልገዛ ነበር! ፈርስት ታይም። አንድ ለሱ፣ አንድ ላንተ። ዩ ኖ፣ አንተም አባቴ ነህ። አባዬ ነው ኖ ያለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ጋሼ ምሏል፣ አዲስ ነገር አይፈልግም፣ ብትሰጪው ይከፋዋል› አለ። ሶ… አልገዛሁም።» ፊቱን አይታ ድምጿ ቀነሰ። «ጋሼ? ምን አልኩ?»

ፀጋዘአብ ደረት ውስጥ የነበረው ጠበቃ መዝገቡን አጥፎ፣ ኮቱን ለብሶ ወጣ። በሩን እንኳን አልዘጋውም።

መሐላውን ያመጣው አምሃ፣ መሐላውን ያፈረሰው አምሃ። በዚያው መሐላ ስም ከልጁ እጅ የወጣለትን ስጦታ የመለሰበትም አምሃ። ፀጋዘአብ ማተቡን አክብሮ ሲታሰር፣ አምሃ የማተቡን ገመድ ነበር የያዘው።

«ምንም አላልሽ፣» አላት። «አንቺ ግቢ፤ ራት ሳትበዪ አትሄጂም። ካርቶኑ ግን ይመለሳል።»

«ግን አዲሱ ቤተር ነው፣ ጋሼ። የናንተ በጣም ኦልድ ነው።»

«አውቃለሁ። ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ ሃምሳ አለቃ ጥልቅ አይሰማም፤ የሰማውን ግን አይደብቅም።»

ራኬብ ግማሹ ገባት። ግማሹን መኪናዋ ውስጥ ስትደርስ የገባት ይመስላል፤ ሞተር ሳታስነሳ ብዙ ቆይታለች፤ ተናኜ ከበረንዳ አይታታለች።

ፀጋዘአብ አዲስ ዲቴክተር አልገዛም። ካፌ መሄዱንም ትቷል፤ ሀፍሳ ስልክ ደውላለት ነበር፣ አላነሳም። ሰኞ ረፋድ ላይ ሃምሳ አለቃን ከግድግዳው ሲያወርድ ተናኜ ከኋላው፣ «ቀለበቱ ተገኝቷል። አሁን ደግሞ ምን ልትፈልግ ነው?» አለችው። ኮፍያውን አደረገ፣ ወጣ።

ቢቹ ላይ ነፋስ ነበር። ራቅ ብሎ፣ ከግንዱ ወዲያ፣ አንድ ሰው አሮጌ ዲቴክተር ይዞ ቆሟል፤ አይጠርግም፣ ይጠብቃል። ፀጋዘአብ አይቶ እንዳላየ ሆኖ በተቃራኒው አቅጣጫ መጥረግ ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ ሃምሳ አለቃ ጮኸ። ተንበርክኮ ጫረ። ቆርኪ ነው። ኪሱ ከተተው፤ ጉድጓዱን መልሶ ሞላ፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ በመቆፈሪያዋ ጫፍ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ጎን አሰመረበት።

ቆም ብሎ የሠራውን አየው። በዕድሜው አንድም ቀን ይህን አድርጎ አያውቅም። «እጄ ነው እንጂ…» የሚለው ቃል ከአፉ ጫፍ ደረሰ፤ ቀና ሲል አጠገቡ የሚሰማ የለም።

በጫማው ጠረገው። አሸዋው እርጥብ ነበርና አልጠፋ አለው፤ መልሶ ጠረገው። ከዚያ ወደፊት ሄደ።